በላንጋኖ ዳር የሚተከል ድንኳን
ስለ ቤተ ሰብ ጉዞና ስለ ዝግጅቱ

በዛሬው የከተማ ልጅ ዓይን ድንኳን ማለት ከሁለት ነገር አንዱ ነው፤ ወይ ሠርግ ነው፥ ወይ ለቅሶ ነው። የእድሩ ድንኳን በጎረቤት ደጅ ሲተከል ያየ ሕፃን «ማን ሞተ?» ወይም «ማን ሊዳር ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ ድንኳን አባትና እናቱ፥ አያቱና ወንድሞቹ በአንድነት የሚያድሩበት ቤት ሊሆን እንደሚችል አይታሰበውም። የቀድሞ ሰዎች ግን ድንኳንን ከዚህ ይልቅ በሰፊው ያውቁት ነበር። ነገሥታቱ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ከተማቸው ድንኳን ነበረ። አዲስ አበባም ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ፥ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ሰዎች ለፍል ውኃው ሲሉ እየወረዱ በድንኳን የሚሰፍሩባት ሜዳ ነበረች።

በውኃ ዳር ማደርም ቢሆን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ባዕድ ነገር አይደለም። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው በድንኳን ሲያድሩ፥ ካህናቱና ከምእመናኑም ብዙዎች ሌሊቱን በዚያው ያሳልፋሉ። በዚያች ሌሊት ግርግር ቢኖርም ሥርዓት አይጠፋም፤ ድንኳኑን የሚተክለው፥ ምንጣፉን የሚያነጥፈው፥ ስንቁን የሚያመጣው ሁሉ አስቀድሞ ድርሻውን ያውቃል። የበዓሉ ክብር ከመዝናኛ ጉዞ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሆኖም ያን የሥራ ክፍፍል ያየ ሰው፥ ልጆቹን ይዞ በሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ለማደር በሚያስብበት ጊዜ ከየት መጀመር እንዳለበት ተምሯል ማለት ነው።

ስለ እንዲህ ያለው ጉዞ በዚህ ጽሑፍ የምንመክረው አንድ ነገር ነው። ዝግጅቱ መለካት ያለበት በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ በሚደክሙት ሰዎች ነው፤ ይኸውም በትንሹ ሕፃን፥ በአረጋዊቷ አያትና የዓመቱን ሥራ ተሸክማ በኖረችው እናት ነው። ጉዞው ለእነዚህ ከተመቸ ለአባትና ለጐረምሶቹ መመቸቱ አይቀርም። ለእነዚህ ካልተመቸ ግን ሐይቁ ምንም ያህል ቢያምር ቤተ ሰቡ ተለያይቶ ሄዶ ተለያይቶ ይመለሳል።

ስለ ስፍራው

ለአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ለዚህ ጉዳይ የሚመቸው ሐይቅ ላንጋኖ ነው። ከዋና ከተማው ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተኛ ሲሆን፥ ስፋቱ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ወደ 1,580 ሜትር ስለሆነ፥ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በማለዳ በጋቢ ተጠቅልለው መኪና የገቡ ልጆች መቂ ሳይደርሱ ሹራባቸውን ማውለቅ የሚጀምሩት ስለዚህ ነው።

መንገዱ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ያልፋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ በአሮጌው መንገድ ለሄደ፥ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. የተፈጸመው የቆቃ ውኃ በግራ በኩል ይታየዋል፤ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ለሄደ ደግሞ ጉዞው እስከ ባቱ ድረስ ቀላል ነው። ባቱ ዝዋይ ስትባል የምናውቃት ከተማ ናት። ከዚያ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ በግራር በተሞላው ሜዳ ሲሄዱ፥ ከመንገዱ በስተ ግራ ላንጋኖ ይገለጣል። ከውኃው ማዶ የአርሲ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ሐይቁ ራሱ ግን ሰማያዊ አይደለም፤ መልኩ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ልጆች ይህን ሲያዩ «ውኃው ቆሻሻ ነው» ማለታቸው የታወቀ ነው። ቆሻሻ ግን አይደለም፤ ቀለሙን የሰጠው በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር እጅግ የላመ ደለል ነው። ይህ ቀለም ለወላጆች የሚያስከትለውን ጥንቃቄ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በምዕራቡ ዳርቻ ካሉት ማረፊያዎች አንዳንዶቹ በግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ለሚተክል ሰው ቦታ ያከራያሉ። ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን የተጠበቀ ግቢ ይምረጥ እንጂ፥ ባገኘው ሜዳ ላይ አይስፈር። ከመነሣትም አስቀድሞ በስልክ አራት ነገር ይጠይቅ፤ ሌሊት ዘበኛ መኖሩን፥ መጸዳጃው ከድንኳኑ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ፥ የመታጠቢያ ውኃ መኖሩን፥ እሳት ማንደድ መፈቀዱን። የመንገዱንም ሰላም በዚያው ሰሞን ከተመላለሱ ሾፌሮች ይጠይቅ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማሳደር ከፍርሃት የመጣ ነው አያሰኝም።

ስለ ጊዜው

ጊዜ የሚመረጠው በሦስት መቁጠሪያ ነው፤ በአየሩ፥ በትምህርት ቤቱና በጾሙ። መስከረምና ጥቅምት ምድሩ ለምለም፥ አበባውም ያማረ ቢሆንም፥ በቆላና በወይና ደጋው ወባ የምትበረታው ከክረምቱ ማለፍ በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ ባሉት ወራት ነው። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለው ወራት፥ ማለት የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ፥ ከሁሉ ይመረጣል። ሰማዩ የጠራ ነው፥ መሬቱ ደረቅ ነው፥ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚሰጡት በዚሁ ሰሞን ነው።

ነገር ግን በዚህ ወራት ባሕረ ሐሳብን ሳያዩ ቀን መቁረጥ አይገባም። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀን ቀድማ፥ ከየካቲት 21 ቀንም ዘግይታ አትገባም፤ ሁልጊዜም ሰኞ ገብታ ሦስት ቀን ትጾማለች። ዐቢይ ጾም ከእርሷ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ይገባል። በጾም ቀን ሐይቅ ዳር መሄድ ነውር ነው ማለታችን አይደለም፤ ስንቁ ግን እንደ ቀኑ መሆን ስላለበት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሌላው አመቺ ጊዜ ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ነው። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ የምግቡ ነገር ይቀላል፤ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ግን ድንኳኑ ውኃ የማያስገባ መሆን አለበት።

ከሳምንቱ ቀናት የትኞቹ ይመረጡ ለሚለው፥ አባትና እናት ፈቃድ ማግኘት የሚችሉ ከሆነ ሰኞ ማለዳ ተነሥቶ ረቡዕ ከቀትር በኋላ መመለስ ጥሩ ነው። የእሑድ ቅዳሴ አይታጐልም፤ ሐይቁም ቅዳሜና እሑድ ከሚያይለው ሕዝብ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የረቡዑንም ምሳ ሽሮ ማድረግ ለማንም አያስቸግርም።

ስለ ቤት ጉባኤ

ከመነሻው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ፥ እራት ከተበላ በኋላ፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ ይሰብሰብ። መጻፍ ከሚችሉት ልጆች አንዱ ደብተርና እርሳስ ይዞ ጸሓፊ ይሁን። በዚህ ጉባኤ የሚወሰነው የዕቃው ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የሥራው ድርሻ ነው። ድንኳን የሚተክሉ፥ ውኃ የሚቀዱ፥ እሳት የሚያነዱ፥ ሳህን የሚያጥቡ፥ በሌሊት ለአያት መብራት የሚይዙ ሰዎች ስማቸው ከሥራቸው ጋር ይጻፍ።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ስለ እናቶች ነው። በብዙ ቤት ሽርሽር ማለት ወጥ ቤቱ ከቦታው ተነሥቶ ሜዳ ላይ መተከሉ ነው። ሌላው ሲዋኝ እናቲቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ሌላው ሲተኛ ድስት ታጥባለች፤ ስትመለስም ከሄደችበት ይልቅ ደክማ ትገባለች። እንዲህ ያለው ዕረፍት ለማን ዕረፍት ነው? ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፥ ቢያንስ ከሦስቱ ቀናት በአንዱ እናት ምድጃ አጠገብ እንዳትደርስ ይጻፍ። በዚያ ቀን አባት ያብስል፤ ወንዶች ልጆች ሳህን ይጠቡ። ወጡ ቢያርም ልጆቹ ከሐይቁ ይልቅ ያን ምሳ እያነሡ ለብዙ ዓመት ሲስቁ ይኖራሉ።

ስለ አያትም እንዲሁ እናስብ። የጉዞው ወሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አረጋውያን «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» ይላሉ። ይህ ቃል አልፈልግም ማለት ሳይሆን፥ ሸክም እንዳልሆንባችሁ ማለት ነው። «እንግዲያው ይቅሩ» ብሎ ነገሩን ከመዝጋት ይልቅ፥ ምን ቢደረግላቸው ሊመጡ እንደሚችሉ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ከባድ አይደለም። መሬት ላይ መተኛት ስለማይችሉ ታጣፊ አልጋ፥ መደገፊያ ያለው ወንበር፥ ለመጸዳጃው የሚቀርብ ቦታ፥ መድኃኒታቸው ከነትእዛዙ፥ በመንገድም ላይ በየሰዓቱ ወርደው እግራቸውን የሚያፍታቱበት ጥቂት ጊዜ ይበቃል። የቤቱን ተረትና የዘር ሐረጉን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ሌሊት በእሳት ዳር ልጆቹን የሚያስቀምጥ ሰው ቢፈለግ፥ ከእርሳቸው የተሻለ አይገኝም።

ስለ ውኃው

የጉዞው ዋና ፍርሃት ውኃው ነው፤ እንዲሁም ሊሆን ይገባል። በሐይቆቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሣው አሳብ ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ሲሆን፥ በዝዋይ ሐይቅ ስላለ በዚያ ልጆችን ማስገባት አይገባም። ላንጋኖ ግን ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲዋኝበት የኖረ ሐይቅ ነው። ቢሆንም ወደ ሐይቁ የሚገቡ ወንዞች አፍና ሣር የበዛበት ዳርቻ ለልጅ መጫወቻ አይሁን፤ የወቅቱንም ሁኔታ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈራው የውኃው ቀለም ነው። በጠራ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ልጅ ከላይ ይታያል፤ በላንጋኖ ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች የወረደ ሕፃን ፈጽሞ አይታይም። የሚሰጥምም ልጅ ሰው እንደሚያስበው አይጮኽም፤ አፉ ውኃ ስለሚሞላ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ዳር ላይ በወንበር ተቀምጦ ልጆችን መጠበቅ ጥበቃ አይባልም። ጠባቂው ዋና የሚችል ዐዋቂ ሆኖ፥ ራሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፥ ከልጆቹ አልፎ ወደ ጥልቁ በኩል ይቁም፤ ልጆቹም በእርሱና በዳርቻው መካከል ይጫወቱ። ትንንሾቹ ውኃው ከጉልበታቸው በላይ ወደሚሆንበት አይሂዱ። አንዱ ጠባቂ ሲደክም ሌላው ተረኛ «እኔ ተቀብያለሁ» ብሎ በቃሉ ሳይናገር የመጀመሪያው ከውኃው አይውጣ። ብዙ ዐዋቂዎች ባሉበት ልጅ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ስለሚያስብ ነውና። በጥበቃም ላይ ሳለ የእጅ ስልክ አይያዝ።

ሁለተኛው ነገር ነፋሱ ነው። ማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት የረጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ብርቱ ነፋስ ይነሣል፥ ማዕበሉም ይከተላል። እንግዲህ የመዋኛው ሰዓት ጧት ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ይሁን። በነፋስ የተሞላ የመኪና ካላማዳሪና የላስቲክ አሻንጉሊት የሚያድኑ ይመስላሉ እንጂ፥ ነፋስ ሲያገኛቸው ልጁን ይዘው ወደ መካከል ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚሻለው ልጁን በልኩ የሚያቅፍ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነው። ከጀልባ ጉዞም በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ይህ ሰደርያ ካልተሰጠ አለመሳፈር ነው።

ስለ ድንኳኑና ስለ ሌሊቱ

አዲስ ድንኳን ተገዝቶ እንደ ታሸገ ሐይቅ ዳር አይወሰድ። ከመነሻው ሳምንት ቀድሞ በግቢ ውስጥ ተተክሎ፥ ምሰሶው፥ አውታሩና ካስማው ተቈጥሮ፥ ልጆቹም አንድ ሌሊት አድረውበት ይሞከር። ግቢ የሌለው ሰው የጎረቤትን ወይም የሰፈሩን ሜዳ ይለምን። የጐደለ ካስማ በቤት ሲታወቅ ሳንቲም ነው፤ በሐይቅ ዳር ሲታወቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያናውጥ ነፋስ ነው።

ከአዲስ አበባ ከጧቱ በ12 ሰዓት የተነሣ ቤተ ሰብ ረፋዱ ላይ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። በመጀመሪያ የሚሠራው መዋኘት ሳይሆን፥ ነፋሱ ሳይነሣ ድንኳኑን መትከል ነው። ከውኃው ዳር ራቅ ተደርጎ፥ በሩ ከነፋሱ ተመልሶ፥ የግራር ጥላ በሚያርፍበት፥ ግን የደረቀ ቅርንጫፍ በላዩ በማያንዣብብበት ቦታ ይተከል። የግራር እሾህ የድንኳኑን ወለል ስለሚበሳ መሬቱ በደንብ ተጠርጎ ሸራ ይነጠፍበት። ልጆች በባዶ እግራቸው አይሂዱ። ጉማሬ በሚወጣበት ዳርቻ ማደር አደገኛ ስለሆነ፥ ይህን ዘበኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምግብ ሁሉ በተከደነ ዕቃ ሆኖ መኪና ውስጥ ይደር፤ ጦጣና ዝንጀሮ ከሰው ይልቅ ማለዳ ይነሣሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ጥንቃቄ ይጀምራል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በፊት ሁሉም ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ ይልበስ፤ ለእያንዳንዱ መኝታ አጎበር ይዘርጋ፤ የድንኳኑም በር በከንቱ አይከፈት። ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር። ሁላችንም ልናስታውሰው የሚገባን ደግሞ የወባ ትኩሳት በዚያው ሌሊት እንደማይመጣ ነው፤ ከሳምንት እስከ ወር ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ማንም ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትዘግዩ። ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ቆላ ወርዳችሁ እንደ ነበር ተናገሩ። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ይህን ካልነገሩት ወባን ቶሎ ላያስበው ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ ሌሊቱ የደስታ ነው። ከተማ ውስጥ መብራት የሸፈናቸው ከዋክብት እዚያ ይታያሉ። ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ቅርጫት ውስጥ ገብተው አንዱ ብቻ ለአደጋ ጊዜ ክፍት ይሁን። የሠርክ ጸሎት ከተደረሰ በኋላ አያት ተረት ይጀምሩ። በቤት ውስጥ ሳሎንና መኝታ ቤት ለየብቻ ያደረጋቸው ወላጆችና ልጆች፥ በአንድ ሸራ ሥር የእርስ በርሳቸውን እስትንፋስ እየሰሙ ያድራሉ።

ስለ ስንቁ

ለጉዞ የሚሆን ምግብ ከውጭ አገር መደብር መፈለግ አያስፈልግም፤ አያቶቻችን የመንገድ ስንቅ ጥበብ ትተውልናል። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ከእነዚህ ጋር ሽሮና በርበሬ ቢያዝ፥ አንዱም በሙቀት አይበላሽም፤ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ለፍስኩ ቀን ቋንጣ ይጨመር። የእርዱ ነገር እንደ ቤታችሁ ሥርዓት እንዲሆን ሥጋ የምትፈልጉ ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። እንጀራው በመሶብ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ በዚያ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ሳይሻግት አይቆይምና፥ ለሦስተኛው ቀን ድርቆሹ ይቀመጥ። ዓሣ የሚወድ ቤተ ሰብ በመንገዱ ላይ ባቱ ከተማ ቆሮሶ መግዛት ይችላል፤ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ግን ብዙ ክርስቲያን ቤት አይበላውም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው የመጠጥ ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ስለሚበዛበት፥ ለረጅም ጊዜ የሚጠጡትን ልጆች ጥርስ ያበላሻል። የሁለት ቀን እንግዳን ባይጐዳም፥ የታወቀ ውኃ ከቤት መያዝ ይሻላል። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን አራት ሊትር ብናስብ፥ ሰባት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 84 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ጀሪካኖቹ ከባድ ስለሆኑ በመኪናው ወለል ላይ እንጂ በፖርቶ መጋላው ላይ አይጫኑ፤ ከላይ የሚጫነው ፍራሹና ድንኳኑ ነው። ስኮርታ ጐማና ክሪክ ከዕቃው ሁሉ በታች ተቀብረው እንዳይቀሩ ይታሰብ።

ለእሳት የሚሆን ከሰል ወይም ማገዶ ይያዝ፤ የግራር ዛፍ መቍረጥ ግን አይገባም። ያ ዛፍ የአካባቢው ሰው ከብት ጥላ ነው። በዚያ የሚኖሩትን የአርሲ ኦሮሞ ወገኖቻችንን ልጆቻችሁ በቋንቋቸው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም ይበሉ፤ ሳያስፈቅዱም ፎቶግራፍ አያንሡ። ማገዶም ሆነ ወተት ከእነርሱ ብትገዙ፥ በሐይቁ ዳር ያለፈ እንግዳ ሁሉ ለባለ አገሩ ጥቂት ጥቅም ትቶ ይሄዳል።

ከሐይቁ ባሻገር

ሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከውኃው ሲያስወጣ፥ ያን ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ላለው ለአቢያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ መስጠት ይቻላል። ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አቢያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ዝናቡ ሲያንስ ውኃው እየሸሸ አራት ሆኑ። ዛሬም የዝዋይ ትርፍ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ፥ የላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አቢያታ ይወርዳል። አቢያታ ግን የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለ ጨዋማ ሆኖ ይቀራል። ሻላ በአንጻሩ ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፥ ከአገራችን ሐይቆች በጥልቀቱ የታወቀ ነው። በዳሩ የሚፈልቁት ፍል ውኆች የሚልጡ ስለሆኑ ሕፃናት እጃቸው ተይዞ ከሩቅ ይዩ።

አቢያታን ለልጆች ማሳየት ትምህርት ነው። ገባሮቹ ለመስኖ፥ ራሱም ለሶዳ ማምረቻ ሲቀዱ ስለኖሩ ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ቀድሞ ውኃ የነበረበት ሰፊ ስፍራ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው። አባት ልጆቹን በዚያ ሜዳ አቁሞ «የውኃው ዳር በአንድ ወቅት እዚህ ነበር» ቢላቸው፥ በክፍል ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከሚሰሙት ብዙ ንግግር ይልቅ ይገባቸዋል።

ሦስተኛውን ቀን በመንገድ ላይ ማሳጠር የሚፈልግ በባቱ አርፎ የዝዋይን ሐይቅ ይመልከት። ሐይቁ አምስት ደሴቶች ያሉት ሲሆን፥ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ በዚህ ደሴት ተጠብቃ ቆይታለች። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ በገዛ ቋንቋቸውና በሃይማኖታቸው ጸንተው ኖረዋል። ነገር ግን ይህ የጀልባ መንገድ ረጅም ነው፥ ነፋሱም እንደ ላንጋኖ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ትንንሽ ልጆችና ደካማ አረጋዊ ያሉበት ቤት ገዳሙን በሌላ ጊዜ፥ ማለዳ ተነሥቶ፥ ለእርሱ ብቻ በተለየ ጉዞ ቢሳለም ይሻላል። ሁሉን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ መቸኰል የብዙ መንገደኛ ፈተና ነው።

ስለ መመለስ

ረቡዕ ማለዳ፥ ከመጨረሻው ዋና በኋላ፥ ልጆቹ ማዳበርያ ይዘው ድንኳኑ የነበረበትን ስፍራ ይዙሩ። የራሳቸውን ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ በፊት የነበረው የጣለውንም ይልቀሙ። እሳቱ በውኃ ጠፍቶ አመዱ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘ መሆኑ ይረጋገጥ። አባት ዕቃውን በደብተሩ፥ እናት ልጆቹን በዓይኗ ይቍጠሩ። ሾፌሩ ማን ቢሆን የደከመ ሰው መሪ አይያዝ፤ ሳይጨልም ቤት ለመግባት በጊዜ መነሣት ይገባል።

ቤት እንደ ተገባ ድንኳኑ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ ሻግቶ ለሚቀጥለው ዓመት አይተርፍም። በገመድ ላይ ተሰቅሎ አንድ ቀን ፀሐይ ይምታው። በዚያ ምሽት ጸሓፊው ልጅ ደብተሩን አምጥቶ ምን እንደ ጐደለ፥ ምን በከንቱ እንደ ተጫነ፥ ማን ድርሻውን እንደ ፈጸመ ይጻፍ። በመጨረሻም እናትንና አያትን «ደክሟችሁ ነበርን?» ብሎ ይጠይቃቸውና መልሳቸውን እንደ ተናገሩት ያስፍረው። የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የሚጀምረው ያችን ገጽ በማንበብ ነው።